በዶሪክ ግጥም ለምትጽፉ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

አበርዲንና አካባቢዋ አድጋችሁ በዶሪክ መግጠም የጀመራችሁትን ማለቴ ነው። ዶሪክ የሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ሰው አፉን የሚፈታበት የስኮትስ ቋንቋ ዘዬ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የተማሪዎች ግጥም በማንበብና በማረም ነው። ከዚያ ሁሉ የምሰጣችሁ ምክር፣ በጆሯችሁ ጻፉ የሚል ነው።

ብዙዎቻችሁ ስንኙን በእንግሊዝኛ ታስቡትና ቃላቱን አንድ በአንድ ትቀይራላችሁ። ያስታውቃል። ዶሪክ የራሱ ቤት አመታት አለው። ጨረቃ “ሚን” ትባላለች፤ ዓይኖች “ኢን”፤ “ከላይ” ለማለት ደግሞ “አቢን” ይላሉ። ሦስቱ እንዴት ደስ ብሏቸው ቤት እንደሚመቱ ስሙ! በእንግሊዝኛ ሙን፣ አይዝ፣ አበቭ ናቸው፤ ጭራሽ አይገናኙም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስንኝ ጮክ ብላችሁ በሉት። በእንግሊዝኛ ሊገኝ የማይችል ዜማ ካገኛችሁ፣ ያዙት።

ጭረቷንም ተዉአት። ድሮ “ዊ” ብለው ሲጽፉ፣ ከእንግሊዝኛው “ዊዝ” ፊደል ጎድሏል ለማለት ከኋላው ጭረት ያደርጉ ነበር። ምን ጎደለውና? እ.ኤ.አ. በ1947 ኤደንብራ ላይ ገጣሚዎች ባወጡት የአጻጻፍ መመሪያ ይህን ልማድ ተቃውመውታል። ልክ ነበሩ። ቋንቋችሁ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም፤ በየቃሉ ይቅርታ አትጠይቁለት።

ስለ ምን ትጽፉ? የዶሪክ ገጣሚው ቻርልስ ሙሬይ “ሃምዊዝ” የተባለውን መድብሉን በ1900 ሲያወጣ ኑሮው ደቡብ አፍሪካ ነበር። የአገሩ ናፍቆት እውነተኛ ነው፤ አነባብቡት። እናንተ ግን እዚያው ናችሁ። የማታውቁትን የድሮ እርሻ ከመናፈቅ፣ የቤት ኪራዩን፣ የፒተርሄድን የዓሣ ገበያ፣ ነዳጅ ማውጫው ላይ የሚያድረውን አባት ጻፉ። ገጣሚዋን ፍሎራ ጋሪንም አንብቡ። በ1900 ተወልዳ የመጀመሪያ መድብሏን ያወጣችው በ1974 ነው። የእርሻን ድካም ሳትሸፋፍን፣ በገዛ ሰፈሯ በበከን አነጋገር ጽፋዋለች።

መዝገበ ቃላት ይጠቅማል፤ ግን ማንም የማይለውን ቃል ለማሳመር ብቻ አትሰኩ። የበከንን አነጋገር ከባሕር ዳርቻው ጋር አትደባልቁ፤ የሰፈሩ ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል። ከማሳተማችሁ በፊት አንዲት የሰፈራችሁን እናት ፈልጉና አንብቡላቸው። “እንዲህ ትላላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ካረሟችሁ፣ እሳቸው ያሉትን ጻፉ።