ያያችሁትን ጻፉ

ልጆቼ፣

በተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የምታስኬዱት ፕሮግራም መሐል ላይ ሲቋረጥባችሁ ለሚንከባከበው ሰው «አይሠራም» ብላችሁ ለመጻፍ ትቸኩላላችሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ጽፌያለሁ። የስም ዝርዝር በዓምድ የሚያሰልፍልኝ ትንሽ ፕሮግራም «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይቆም ነበር፤ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ቦታ ነካ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚንከባከበው ባለሙያ በማግስቱ መልስ ሰጠኝ፦ ስሪቱ (ቨርዥኑ) የትኛው ነው? ትእዛዙ አንድ ምልክት ሳይጎድል ምን ይላል? ፋይሉ ሊላክ ይችላል?

ፋይሉ የሰዎች ስምና ስልክ የሰፈረበት ስለነበር መላክ አልቻልኩም። እናንተም እንዲህ ያለውን አትላኩ፤ የሰው አደራ ነው። ስለዚህ ለሁለት እየከፈልኩ ፕሮግራሙን የሚጥለውን ግማሽ ብቻ አስቀር ጀመር። 40,000 መስመር ያስፈራል፤ ግማሽ ግማሹን ለሚያስወግድ ሰው ግን 16 ዙር ቢሆን ነው። ሌሊቱ ሳይጋመስ አንድ ስም ብቻ ቀረ፦ ገብረእግዚአብሔር።

ደጋግሜ አየሁት። አሥር ፊደል ነው፤ ፕሮግራሙ የሚቀበለው እስከ 20። እንከኑ አልታይ ሲለኝ በጂዲቢ፣ ፕሮግራም የወደቀበትን ቦታ በሚያሳይ መሣሪያ፣ አስኬድኩትና የትኛው ተግባር (አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) የትኛውን እንደጠራ አወጣሁ። የወደቀው ስሙን ሜሞሪ ላይ በሚገለብጠው ተግባር ውስጥ ነበር። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8፣ ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ባይት የሜሞሪ መለኪያ ነው። አሥሩ ፊደል 30 ባይት ነው፤ የተከለለለት ቦታ ግን 20 ባይት ብቻ። ፕሮግራሙ በፊደል ቆጥሮ አስገባ፣ በባይት ሲገለብጥ ግን አጥሩን ጥሶ የሌላውን ቦታ ረገጠ።

ከዚያ በፊት የተበላሸው የኮምፒውተሬ ሜሞሪ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያንን እንደ እውነት ጽፌለት ቢሆን ኖሮ የሰውየውን ምሽት በከንቱ እበላበት ነበር። የላክሁለት አንድ መስመር ያለበትን ፋይል፣ ትእዛዙን፣ ስሪቱን፣ ሼሉ (ትእዛዛችንን የሚቀበለው ፕሮግራም) ለዚህ ዓይነቱ አወዳደቅ የመለሰውን 139 ቁጥርና የጂዲቢውን ጽሑፍ ነው። የስክሪን ፎቶ አትላኩ፤ ጽሑፉን ገልብጡ። ቀድማችሁም በአዲሱ ስሪት ሞክሩ። ግምት ካላችሁ አትደብቁት፤ ካያችሁት ለይታችሁ ከሥር አስቀምጡት።

እርማቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ባለሙያው አማርኛ አያነብም፤ ያንን ስም ግን ከመፈተኛዎቹ አንዱ አድርጎ አስገባው። አሁን አዲስ ስሪት ከመውጣቱ በፊት ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ገብረእግዚአብሔርን ያሰልፋል።