ጥያቄና መልስ፦ ውርጭ ሲገባ የሚመጡ የማሞቂያ ጥያቄዎች

ኅዳር ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ብርድ ናቸው። ከጮቄ ሥር ባሉት ወረዳዎች ማለዳ ማለዳ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል። የጠየቁኝ በአብዛኛው ቤታቸውን ራሳቸው የሚሠሩ፣ ወይም ግንበኛና ኤሌክትሪሻን ቀጥረው ከላያቸው ቆመው የሚያሠሩ የጎጃም ሰዎች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አልጠቀስሁም።

ከእንጅባራ፣ አንዲት እናት፦ «አዲስ ብሎኬት ቤት ገብተናል። መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፤ ነፋስ የሚባል አያስገባም። ማታ ከሰል ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅና ሲቀላ መኝታ ቤት አስገባዋለሁ። ጠዋት ልጆቹ ራሳችንን አመመን ይላሉ። ከሰል ከቀላ አይጎዳም ሲባል ሰምቼ ነው፤ እውነት ነው?»

እትዬ፣ እውነት አይደለም። እባክዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያ ምድጃ መኝታ ቤት አይግባ። የልጆቹ ራስ ምታት የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ጭሱ ሲያልቅ የሚያልቀው የሚታየውና የሚሸተው ብቻ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ አመድ ከለበሰም በኋላ ይወጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቅ ይቀራል። ከጎኑ ውሃ ማስቀመጥም ሎሚ ማሽተትም ጋዙን አይቀንሱትም።

ድሮ እናቶቻችን በምድጃ ዙሪያ አድረው እንዴት ተረፉ ቢሉ፣ ቤቱ ስለሚተነፍስ ነው። በሣር ክዳኑ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል፣ በበሩ ሥር አየር ይገባ ነበር። የእርስዎ አዲስ ቤት ግን እንደ ጠርሙስ ተከድኗል። ቤታችን ተቀይሮ ልማዳችን ሳይቀየር ቀረ፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

እኔም በልጅነቴ በጥምቀት ሰሞን አክስቴ ቤት አምስት ሆነን አድረን ነበር፤ ምድጃው ጥግ ላይ ነው። ሌሊት ለሽንት ስነሳ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። የበሩን መወርወሪያ በእጄ ይዤው መሳብ አቃተኝ። ከበሩ ሥር ስወድቅ ድምፁ አክስቴን ቀሰቀሳት፤ እሷም በጉልበቷ እየዳኸች በሩን ከፈተችው። ያን ሌሊት ባልወድቅ ኖሮ ማን እንደሚነሳ አላውቅም። ከሰል ነገር ላይ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በአዊ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እንደልብ ስለሚገኝ ተዉት ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። ለቡናውና ለወጡ መስኮት ከፍተው ይጠቀሙበት፤ ከመተኛትዎ በፊት ግን ደጅ ይውጣ። ለመኝታ ቤት ዘይት ያለው፣ ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚያጠፋ ቴርሞስታት የተገጠመለት ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፤ ዲቫይደር ላይ አይሁን፤ ብዙ ዲቫይደር እንዲህ ያለ ጭነት ሌሊቱን ሙሉ ሲሸከም ይቀልጣል። ውጭ አገር ዘመድ ካለዎ ስልክ ከሚልክልዎ ይልቅ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይላክልዎ፤ መዳፍ የሚያክል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ጋዙ ሲበዛ የሚጮህ ዕቃ ነው። አንድ ሰው በከሰል ታፍኖ ካገኙት መጀመሪያ ወደ ደጅ ያውጡት፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው።

ከሞጣ፣ አንድ ወጣት፦ «ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ላቆም ነው። በእጄ ያለው ገንዘብ ወይ ለኮርኒስ ወይ ለጥሩ ማሞቂያ ነው የሚበቃኝ። የትኛው ይቅደም?»

ወንድሜ፣ ኮርኒሱ ይቅደም፤ ሁለት ጊዜ አታስብ። ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ያለ ኮርኒስ ቤት ውስጥ ማሞቂያ መትከል ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። ሌሊት ቆርቆሮው አልቦ አልጋ ላይ የሚንጠባጠበውም ከትንፋሻችን የወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ነው፤ ኮርኒስ ያንንም ያስቀርልሃል። ለጊዜው ቺፑድ ካልቻልህ የማዳበሪያ ኮርኒስም ከምንም ይሻላል። ከላዩ ጭድ አትጎዝጉዝ፤ አይጥም እሳትም ትጠራለህ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፈው እዚያው ነው።

መሠረት ገና ካላወጣህ ደግሞ በነጻ የምታገኘው ማሞቂያ አለ። በእኛ አገር ፀሐይ ከመስከረም ጀምራ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ አጋማሽ ሞጣ ላይ ቀን 6 ሰዓት ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ነው ከፍታዋ። ስለዚህ የሳሎንህና የመኝታ ቤትህ ትልልቅ መስኮቶች ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ ብርዱ በሚበረታበት ወር ፀሐይዋ ወለልህ ድረስ ትገባለች። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ደቡቡ ጥላ ይሆናል። ወጥ ቤት፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ ወደ ሰሜን ቢሆኑ አይጎዱም። ብዙ ሰው ግን መስኮቱን ሁሉ ወደ መንገድ ያዞራል፤ መንገዱ በየት በኩል ይሁን፣ ፀሐይ በየት ትግባ የሚጠይቅ የለም።

ግድግዳውን በተመለከተ፣ ብሎኬት ስላማረህ የጭቃ ቤትን አትናቅ። የጤፍ ጭድ በደንብ ገብቶበት የቦካ፣ ወፍራም ተደርጎ የተመረገ ጭቃ ሙቀት የሚያሳልፈው ከሲሚንቶ ብሎኬት በዝግታ ነው። ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልስልሃል። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ቴርሞሜትር ይዘው አልነበረም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «50 ሊትር ቦይለር አለን። ቶሎ እንዲሞቅ ቴርሞስታቱን 75 ላይ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ቀንም ሌሊትም በርቶ ይዋል ትላለች። ቆጣሪው ካርድ እየበላ አስቸገረን።»

ቴርሞስታት እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ አይደለም፤ ስለጨመሩት አይፈጥንም። የት ላይ እንደሚያቆም ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ 60 ላይም 75 ላይም የሚሠራው በዚያው በ1,500 ዋት ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጊዜው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። 75 ካደረጉት 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይሆናል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅለው ነው የሚታጠቡት፤ የከፈሉበት ሙቀት ግን በጋኑ ግድግዳ በኩል ሲያመልጥ ያድራል።

60 ላይ ያድርጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ማድረግም አልመክርም፤ ለብ ብሎ የሚውል ውሃ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ያራባል። 60 ዲግሪ ግን የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላልና ልጆች ሲታጠቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይከፈት። ቀኑን ሙሉ ማብራቱ ይቅር፤ ከመታጠቢያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ማብራት ይበቃል። ውሃ ጠፍቶ ጋኑ ከተራቆተ ደግሞ ሳይሞላ አይበራ፤ ማሞቂያው ደርቆ ይቃጠላል።

ከዳንግላ፣ አንድ መምህር፦ «ይህንኑ ብዬ ለቦይለሩ የሰዓት መቆጣጠሪያ አስገጠምሁ። ሌሊት 10፡30 እንዲበራ፣ 12፡00 እንዲጠፋ ሞላሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ስነሳ ውሃው በረዶ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቤት ስመጣ ግን ይፋጃል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?»

መምህር፣ ዕቃው ደኅና ነው። የገጠመው ልጅ ሰዓቱን ከስልኩ አይቶ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞላው፤ እርስዎ ደግሞ በእኛ። ለእሱ 10፡30 ማለት ከረፋዱ 4፡30፣ 12፡00 ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ነው። ለዚህ ነው ውሃው ለምሳ የሚደርሰው። ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መቆጣጠሪያው ቀኑን ከ00፡00 እስከ 24፡00 ይቆጥራል፤ መነሻው የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ሌሊት 10፡30 ለእሱ 04፡30፣ ንጋት 12 ሰዓት 06፡00፣ ጠዋት 1 ሰዓት 07፡00፣ ማታ 1 ሰዓት 19፡00 ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው መቆጣጠሪያው አጠገብ ይለጥፉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል። የእርስዎ ከ04፡30 እስከ 06፡00 ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር፦ በዙሪያው ትንንሽ ጥርሶች ያሉትና የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት መብራት ከጠፋ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ያበራል። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ይሻላል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ይህን ዕቃ አይሞክሩት። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል፤ የብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች አቅም እዚያው ላይ ያበቃል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቦይለሩና ማሞቂያው ይጥፉ፤ ሦስቱ ባንድነት ከበሩ ዋናው ብሬከር ቢወርድ ሥራውን ነው የሠራው፤ በትልቅ ብሬከር አታስቀይሩት። ሽቦው ካልወፈረ ብሬከር ማሳደግ እሳት መጥራት ነው።

ከደምበጫ፦ «የሻወር ማሞቂያው ሲበራ ውሃው ይነዝረኛል። ላስቲክ ጫማ አድርጌ እታጠባለሁ፤ ይበቃል?»

አይበቃም። ይህን እንዳነበብሽ፣ እህቴ፣ ሄደሽ ብሬከሩን አጥፊው፤ ሳይስተካከል ማንም ሰው አይግባ። የመሬት ሽቦ ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ተቆርጧል፤ ማሞቂያውም ውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናል። ኤሌክትሪሻኑ የመሬት ዘንጉን እርጥብ አፈር እስኪያገኝ ይቅበር፣ ሽቦውን እስከ ማሞቂያው ድረስ ያድርሰው፤ ከዚያ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ የሚያጠፋውን አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር ያስገባ። ሲጨርስ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ፊትሽ እንዲጫን ጠይቂው፤ ካልጠፋ ገንዘብ አትክፈዪ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ ጠያቂ፦ «ስዊድን የሚኖር ወንድሜ ወለሉ ሥር ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ቱቦ እንቅበር ይላል። ወለሉ ሳይፈስ መወሰን አለብኝ።»

ወንድምዎ ያየው ጥሩ ነገር ነው፤ የተሠራው ግን ወራት ሙሉ ለሚዘልቅ በረዶ ነው። እኛ ጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ይወጣል። ኮንክሪት ወለል ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ማታ ለኩሰውት ሊሞቅ ሲል ይነጋል። በዚያ ላይ ፓምፑ ያለ መብራት አይዞርም። ገንዘቡን ለኮርኒስ፣ ለደቡብ መስኮትና ለወፍራም መጋረጃ ያውሉት። ቆርጠው ካስገቡት ግን ቴርሞስታቱ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በማይመታው፣ ከወጥ ቤቱና ከበሩ ራቅ ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን። ፀሐይ ያረፈበት ቴርሞስታት ቤቱ ሞቋል ብሎ ያጠፋል።

ከቡሬ፦ «በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ይጠቅማል?»

ለመብራትና ለአነስተኛ ቦይለር፣ አምፒሩ ከቻለ፣ አዎ። ማሞቂያን ግን ሰው በሌለበት ቤት ከሩቅ አታብራ፤ መጋረጃ ወድቆበት እንደሆነ ስልክህ አይነግርህም።

ከቢቸና፦ «የመስታወት ቱቦ ያለው የሶላር ውሃ ማሞቂያ ጣራ ላይ አለን። ውሃ አራት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ሁለት ቱቦ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ርካሽ ዕቃ ሸጠውልን ነው?»

ዕቃውን አይውቀሱ፤ ሰዓቱ ነው። ባዶውን ቱቦ ፀሐይ እንደ ምጣድ ታግለዋለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲገባበት መስታወቱ አይችልም። ጣራው ላይ ካለው ሮቶ ወደ ሶላሩ በሚወርደው መስመር ላይ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ያስገቡ። የተሰነጠቁትን ሁለቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከጋኑ አናት የሚወጣውን የእንፋሎት ቱቦ ልጆች በጨርቅ እንዳይወትፉት ይከታተሉ፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በጥር እኩለ ቀን ጋኑ ቶሎ እንፋሎት ያወጣል። በክረምት ደግሞ ደመናው ስለሚከብድ ጋኑ ውስጥ ቴርሞስታት ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መኖሩን ይዩ፤ ሐምሌና ነሐሴን የሚያሻግርዎ እሱ ነው። ውሃ ሲጠፋ ቫልቩን ወዲያው ይዝጉት። ውሃው ቀን ከመጣም አይክፈቱት፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆዩና ቱቦዎቹ ሲበርዱ ቀስ አድርገው ይልቀቁት።