ለክረምት ጉዞ የአደጋ ቦርሳ፦ ፖንቾ ወይስ ጃኬት?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ በአጭሩ ይሄ ነው፦ በነሐሴ ከቡድን ጋር ሰሜን ተራሮች ልትወጡ ነው፣ ከካምፕ ካምፕ፦ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ። ለጋራ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ስሱን የላስቲክ ፖንቾ (እጅጌ የሌለው፣ በራስ የሚጠለቅ ሰፊ የዝናብ ልብስ) በብዛት እንግዛ ወይስ በዚያው ብር ጥቂት ደህና የዝናብ ጃኬት? ብዙ ሰው "ጃኬት ነው እንጂ" ብሎሻል። እኔ አልስማማም። ሰፋ ያለና ወፈር ያለ ፖንቾ ያዙ። ስሱን ግን ተዉት።

ጃኬት ለሚራመድ ሰው ነው። የሚራመድ ሰው ሰውነቱ ይሞቃል፣ እጁን እንደልቡ ማንቀሳቀስ አለበት፣ የሚረግጠውንም ማየት አለበት። ለዚህ ከጃኬት የሚሻል የለም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይዞ ይምጣ። የአደጋ ቦርሳ የሚከፈተው ግን ጉዞው ሲቆም ነው። አንዱ እግሩ ወለም ይለዋል፣ ሌላው ከከፍታው የተነሳ ራሱን ያመዋል፣ ወይ ጉም ይወርድና መንገዱ አልታይ ይላል። ያኔ ቁጭ ትላላችሁ። የአደጋ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን ልብስ ስትመርጪ ማሰብ ያለብሽ ዝናብ ላይ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እርዳታ ስለሚጠብቅ ሰው ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ወደ ጅንባር ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት አንድ ጓደኛችን ጭቃው አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ጀምሯል። ስካውቱ (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ከአንድ ልጅ ጋር በቅሎ ፍለጋ ሄደ፣ እኛ እዚያው ቀረን። የተጎዳው ልጅ የለበሰው ጃኬት ውድና ጥሩ ነበር። ግን ሲቀመጥ ጃኬቱ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ወገቡ ተገለጠ፣ ከጃኬቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ጭኑ ላይ ይጠራቀማል፣ ሱሪው ቆዳው ላይ ተጣብቋል። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዷ ልጅ ከቦርሳዋ ሰፊ ፖንቾ አወጣች። የራሱን ቦርሳ መሬት ላይ አድርገን እሱ ላይ አስቀመጥነው፣ ፖንቾውን ከላይ አጠለቅንለት፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ጫፉን ዙሪያውን እግሩ ስር ጠቀጠቀው። ከታች ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አልቀረም። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ለቀቀውና "ሻይ አላችሁ?" ማለት ጀመረ። ጃኬቱን ከውስጥ እንደለበሰ ነው፣ ለውጡን ያመጣው ከላይ የተደረበው ፖንቾ ነው።

ይሄን የማስረዝመው ቀልድ ስላልሆነ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሕይወት አደጋ ላይ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ውርጭ አያስፈልግም፣ እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቃል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ በ1,200 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምታውቁት የነሐሴ ሙቀት ላይ ሌላ 7 ወይ 8 ዲግሪ ቀንሺ፣ ንፋሱ ሳይቆጠር። ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ምላሱ ሲተሳሰር፣ ዚፑን መዝጋት ሲያቅተው ቶሎ ድረሱለት። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመማ ነገሩ ብሷል።

መጠለያ እናገኛለን ብላችሁም አትተማመኑ። ሳንቃበር አካባቢ የአስታ ዛፍ አለ፣ ግጭ ሜዳው ላይ ግን ጅብራ የሚባለው ተክልና የጓሳ ሣር ነው ያለው። ሸራ የሚታሰርበት ዛፍ የለም። ስለዚህ ጥጉ ላይ በብረት ቀለበት የተጠናከሩ ቀዳዳዎች ያሉት ፖንቾ ምረጡ። በሲባጎና በሁለት የጉዞ ዱላ ዝቅ ያለ ዳስ ይሆንላችኋል። ጎንና ጎኑ በቁልፍ የሚያያዝ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አገጣጥማችሁ ትልቅ ሸራ ታወጣላችሁ።

የአገራችን እረኛ ይሄን ድሮ ያውቀዋል። መንዝ ላይ ከጓሳ ሣር የሚሠራውን ገሳ አይተሽ ከሆነ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ነው፣ እረኛው ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ ይከልለዋል። ከስሩ የሚለበሰውም ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው። ጋቢ ለማታ ደስ ይላል፣ ግን ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ሙቀትሽን ይወስደዋል። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ስለዚህ ከፖንቾው ጋር ቢያንስ አንድ የሱፍ ሹራብ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ፖንቾ ውሃና ንፋስ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይሰጥም።

አሁን ስለ ግዢው። ስሱ ላስቲክ ፖንቾ 50 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ የሚያጓጓውም ይሄ ነው። ግን የሰሜን ተራሮች ንፋስ ኮፍያው ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ይቀደዋል፣ አንዴ ከተቀደደ ደግሞ አበቃ። ለአዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ይሁን። የሚያስፈልጋችሁ ውሃ እንዳያሳልፍ ከውስጥ የተቀባ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፣ ከ300 እስከ 400 ግራም ቢሆን አይክበዳችሁ። መለያው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቁጥር ካለ ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚሸከመው የውሃ ቁመት ማለት ነው። 1,500 ለካፊያ ይበቃል፣ ለእናንተ ግን ከ3,000 በታች አልመክርም፣ ምክንያቱም ስትቀመጪበት ወይም የቦርሳ ማንገቻ ሲጫነው ግፊቱ ይጨምራል።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ ካልታሸገ ዋጋ የለውም። ገልብጠሽ እዪው፣ ስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተለጠፈ ቴፕ መኖር አለበት። መርካቶ ብትገዢ መለያውን አትመኚ፣ ባለሱቁን ውሃ ጠይቂው። ስፌት ያለበትን ቦታ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዘሽ ውሃ አፍስሺበትና ከስር በእጅሽ እያሸሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ። እጅሽ ከረጠበ ተዪው። ከዚያ ቦርሳ አንግበሽ ፖንቾውን ልበሺና እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ በዪ። ጉልበትሽና ጫማሽ ከውስጥ ካልገቡ ጠባብ ነው። ይሄን ስታደርጊ ሰው ያይሻል፣ ይየው።

ሳልባጅ ውስጥ አንዳንዴ በጣም ጥሩ ዕቃ ይገኛል። ግን ውስጡን በጣትሽ ዳሺው፣ ከተጣበቀ ወይ ከተላጠ ቅቡ ሞቷል፣ አይጠገንም። የሞተር ሳይክል ነጂዎች የሚለብሱት ሁለት ክፍል የላስቲክ ልብስም ጠንካራ ነው፣ ሱሪውን ለብቻ ብታገኙ ያዙ። ሙሉውን ለብሶ ዳገት መውጣት ግን በላብ መታጠብ ነው፣ በላብ የረጠበም በዝናብ ከረጠበ አይሻልም።

ፖንቾ ጥፋቱም ብዙ ነው፣ አልደብቅሽም። ንፋስ ያውለበልበዋል፣ እግርሽን ይጋርድብሻል። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ወይም ገደል በሚያዋስነው መንገድ ላይ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ፣ ግድ ከሆነ ወገባችሁ ላይ በገመድ እሰሩት። በቅሎ አጠገብም ቀስ በሉ፣ ሲውለበለብ ትደነብራለች።

ብዛቱን በተመለከተ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ሁሉንም ግን አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ፣ ቦርሳውን የያዘው ልጅ ፊት ፊት ሄዶ የተጎዳው ኋላ ቢቀርስ? ከፊት አንድ፣ ከመሃል አንድ፣ ከኋላ አንድ አድርጉ፣ ከቦርሳው ላይኛው ክፍል። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ጉም ውስጥ አረንጓዴ ፖንቾ የለበሰን ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስትመለሱ ጥላ ውስጥ አስጥታችሁ በደንብ ሳይደርቅ አታጥፉት።

ስንት ሰው እንደሆናችሁና ዕቃችሁን በቅሎ ይሸከመው እንደሆነ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። በቅሎ ካላችሁ ከፖንቾው በተጨማሪ አንድ ትልቅ ሸራ መያዝ ትችላላችሁ፣ እሱን እንዴት እንደምትመርጡ እነግርሻለሁ።