የትምህርትና የግንዛቤ ድርሻ በዲጂታል አገልግሎት አጠቃቀም

ሰላም ይስጥልኝ። «የመንግሥት አገልግሎት በስልክ እየተገኘ ሰው አሁንም ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው በትምህርት ማነስ ነው?» ብለው ለጠየቁት፣ ትምህርት ድርሻ ቢኖረውም ብቻውን መልስ አይሆንም እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል ዲጂታል መንገዶች እንዲፈጸም ሲደነገግ፣ እኔ እንደታዘብኩት ብዙ አሽከርካሪ አሠራሩን የለመደው በሥልጠና ሳይሆን ማደያ ላይ ተሰልፎ፣ ቀጂውንና ከጎኑ የቆመውን ሰው እየጠየቀ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግንዛቤው ነው። የፋይዳ መታወቂያ ባለቤትነት ከሚረጋገጥባቸው መንገዶች አንዱ በምዝገባ ወቅት በተሰጠው ስልክ ላይ የሚላክ የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር በመሆኑ፣ በጎረቤቱ ስልክ የተመዘገበ ሰው በኋላ ባንክ ሲጠየቅ ይቸገራል፤ ቁጥሩ ለማንም እንደማይሰጥ ያልተነገረው ደግሞ ቅጽ ለሚሞላለት ደላላ ያለ ሥጋት ያነብለታል። ይህን ፊደል መቁጠር ብቻ አያስተምርም (ፓስፖርት ለማመልከት ደላላ የሚቀጥሩ ምሩቃንም አሉና)። ስለዚህ መዝጋቢው ሠራተኛ እዚያው፣ በባለጉዳዩ ቋንቋ፣ ስልኩን በእጁ አስይዞ የሚሰጠው አጭር ማብራሪያ ከብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።