ልጄን እዚያው ሰፈር ላስመዝግባት?

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛን አለፈች። ሰፈራችን ያለውን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ውጤቱ ደካማ ነው» ይሉኛል። ምን ልይ? (እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት በመላው አገሪቱ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ደካማ ውጤት የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ችግር አልነበረም፤ «ስንት አሳለፈ?» ስትዪም «ከስንት?» ብለሽ ጨምሪ።

እኔ ለልጄ ስመርጥ ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ሳልነግራቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ያለ መምህር ይንጫጫል። የላብራቶሪው ቁልፍ ዝጓል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን የሒሳብ ደብተሯን አሳየችኝ፤ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤትም ውሃ ነበረው፤ ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ። የጅማን ዝናብና ጭቃ መቼም ታውቂዋለሽ፣ የባጃጁንም ወጪ። የኔዋ በእግሯ አሥር ደቂቃ ነው። እዚያው አስመዘገብኳት፤ ለላብራቶሪው ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነን ትምህርት ቤቱን እየጨቀጨቅን ነው።