«ምንም አልሠራሁም» ያለችው ባለ ሚዛን

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፦

«24 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ 14 ወር ሆነኝ። ሥራ አላገኘሁም። እጄ እንዳይፈታ ብዬ ከአያቴ የተማርኩትን የሹራብ ሥራ ጀመርኩ። እስካሁን አንድ ትልቅ የትከሻ ሻርፕ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲና አራት ጥንድ የቤት ጫማ ሠርቻለሁ (ክሩን ከመጀመሬ በፊትና ስጨርስ በወጥ ቤት ሚዛን ስለምመዝነው ስንት ግራም እንደፈጀ አውቃለሁ)። ባለፈው ቃለ መጠይቅ ላይ ‹ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?› ሲሉኝ ‹ምንም› አልኩ። እናቴ ‹ዲግሪ ይዞ ክር መጎተት!› ትለኛለች። ጓደኞቼ ንግድ ክፈቺበት ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ሲቪዬ ላይ ላስገባው? ልሽጠው? ወይስ ፋሽን ዲዛይን ልማር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶዎቹንም አየሁ። ሻርፑ ያምራል። ግን እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ሻርፑ አይደለም። በቅንፍ ውስጥ የደበቅሻት ሚዛን ናት።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት አንድ የልብስ ፋብሪካ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ዓመት በበጋ ቆጠራ ስናደርግ የጥጥ ክር ጎደለ። ቢን ካርዱ (የመጋዘኑ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ያለው ኪሎና ሚዛኑ ላይ ያለው ኪሎ አልገናኝ አሉ። ዓይናችን በቀጥታ ያረፈው ንብረት ክፍሉ ሰውዬ ላይ ነው። ደብዳቤ ተጻፈበት። ሊባረር ምንም አልቀረውም። በኋላ አንድ የማምረቻ ክፍል ሠራተኛ መጥታ «ክሩ ደርቆ ነው እኮ» አለችን። እኛ ባለዲግሪዎቹ ሳቅንባት።

ልክ ነበረች። ጥጥ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይለቃል። የጥጥ ክር ሲሸጥ 8.5 በመቶ እርጥበት ታስቦለት ነው። እንዲህ ሆኖ የገባ 1000 ኪሎ ክር ደረቅ መጋዘን ውስጥ እርጥበቱ ወደ 6 በመቶ ቢወርድ 23 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ማንም ሳይነካው። ሱፍ ከዚህም በላይ ይጠጣል፤ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ብዙም አይጠጣም። ሰውዬው ሥራው ላይ ቆየ፣ እኛም ይቅርታ ጠየቅነው። ያን ቀን ፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ ክር በእጁ ነክቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

እንግዲህ አንቺ ያ ሰው ነሽ። ሒሳብ የተማሩ ብዙ ናቸው። ክር የሚያውቁም ብዙ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ግን እኔ ብዙ አላጋጠመኝም።

ወደ ሽያጩ ልምጣ፣ እሱን ቶሎ እንገላገለው። ቁጥሮቹን አንቺው ራስሽ ልከሽልኛል። ያልሠራሽው ማካፈሉን ብቻ ነው። (አካውንታንት ሆነሽ! የራስ ሥራ ላይ ሲሆን ሁላችንም እንዲህ ነን።)

ሻርፑ 52 ሰዓት ፈጀ። ክሩ 1,100 ብር። ጎረቤትሽ 1,500 ልስጥሽ አለች። የሚተርፍሽ 400 ብር ነው፤ ለ52 ሲካፈል በሰዓት 8 ብር እንኳ አይሞላም። ካልሲው በጥንድ 18 ሰዓት፣ ክሩ 350፣ ሰው ከ500 በላይ አልከፍልም አለ። በሰዓት 8 ብር ከ33 ሳንቲም። ሰው ስስታም ስለሆነም አይደለም፤ በማሽን የተሠራ ካልሲ በየሱቁ ተሰቅሎለታል። አንቺ በ64 ቀለበት ጀምረሽ፣ ዙር በዙር ሄደሽ፣ ተረከዙን አዙረሽ፣ እስከ ጣቱ ስትደርሺ ለአንድ ጥንድ 20 ሺህ ያህል ቀለበት በእጅሽ አልፏል። ይህን ማሽን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በዚህ ፉክክር ውስጥ አትግቢ።

የቤት ጫማው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አምስት ሰዓት፣ ክር 300፣ ለሶሉ ቆዳ 150። አክስትሽ 900 ከፈለችሽ። እሱን እርሺው፤ የአክስት ዋጋ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሁለቱ የማታውቂያቸው ሰዎች ግን 700፣ 700 ከፍለዋል። የሚተርፍሽ 250 ነው፣ በሰዓት 50 ብር። ከሻርፑ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በባዶ እግሩ ሴራሚክ ወለል ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደሚገዛሽ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሽያጭ ካልሽ ጫማውን ብቻ፣ ያውም በትእዛዝ። ካልሲውን ለምትወጂያቸው ሰዎች ሥሪ። ሻርፑን ለራስሽ ልበሺው። ለቃለ መጠይቅም ለብሰሽው ሂጂ፣ ብርዱ ራሱ ሰበብ ይሆንሻል።

ጓደኞችሽ ቤተልሔም ጥላሁንን እየጠቀሱ እንደሚያበረታቱሽ ጽፈሻል። እውነት ነው፣ እሷም እንደ አንቺ የተማረችው አካውንቲንግ ነው፣ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅቷንም የጀመረችው ያደገችበት ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ግን ልብ በይ። እሷ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ብቻ ጫማ ሠርታ አይደለም እዚያ የደረሰችው። ድሮ ከመኪና ጎማ ሶል ይሠራ የነበረውን የበረባሶ ጫማ ይዛ፣ የሰፈሩን ሸማኔና ባለሙያ አሰባስባ ወርክሾፕ አቋቋመች። አንድ ሰው እንደ አንቺ በእጁ እየሠራ ምን ያህል ቢፈጥን በቀን ከሁለት ጥንድ ጫማ በላይ አይሠራም። ንግድ የሚሆነው ሌሎች ሰዎች ሲሠሩልሽና አንቺ ዋጋውን፣ ጥራቱንና ክሩን ስትቆጣጠሪ ነው። አሁን ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለሽም። ይህን ውድቀት አድርገሽ አትይው፣ ቅደም ተከተል ነው።

የመጀመሪያው ጥንድ ጫማ «አልሰበሰብ ብሎኝ ጣልኩት» ላልሽው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ክሩ አክሪሊክ ስለነበር ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ፀጉሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ይሰበሰባል፣ ይጠነክራል። አክሪሊክን ሦስት ጊዜም ብታፈይው ይለፈሰፋል እንጂ አይሰበሰብም። ከሱቅ ስትገዢ ነጋዴው «ሱፍ ነው» ቢልሽም ትንሽ ቁራጭ ለኩሺ። ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ ደረቅ ጠጠር ይሆናል። ደግሞ የመንዝ በግ አጠገብሽ ነው። ባናውና ዝተቱ (የሱፍ ብርድ ልብሶቹ) የሚሠራበት ያ ሱፍ ሻካራ ስለሆነ ለአንገት አይሆንም፤ ለጫማ ግን የመዳፍሽን ያህል ቁራጭ ሠርተሽ፣ ለክተሽ፣ አጥበሽ፣ እንደገና ለክተሽ ሞክሪው። ውጤቱን ጻፊው።

የጣልሽውን ጫማ ግን ከሲቪሽ ታሪክ አትጣዪው። አሁን ወደዚያ ነው የምሄደው።

«ምንም» ያልሽበት ቃለ መጠይቅ አልፏል። ቀጣዩ ላይ ያ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቀጣሪ የሚጠይቀው ሊያዋርድሽ አይደለም፤ 14 ወር ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሰዓት አክብሮ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ያሳስበዋል። «ሹራብ እወዳለሁ» ብትዪው ስጋቱ አይለቀውም። «ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» በሚለው ርእስ ሥር፣ ከማንበብና ከሙዚቃ ጎን «ሹራብ መሥራት» ብለሽ ብትጽፊም ማንም አያነበውም። እኔ ራሴ ሲቪ ሳይ ያን መስመር እዘለዋለሁ።

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ክፍል ቀጥሎ «የግል ሥራ» የሚል ትንሽ ርእስ ክፈቺ። ከሥሩ ሁለት መስመር ብቻ፦ «የእጅ ሹራብ ውጤቶች (ሻርፕ፣ ካልሲ፣ የቤት ጫማ)፤ ለእያንዳንዱ ምርት የክር ፍጆታ በግራም፣ የሥራ ሰዓትና የነጠላ ዋጋ ስሌት በኤክሴል ይዣለሁ። ከሦስቱ አዋጭ የሆነውን በዚሁ ስሌት ለይቻለሁ።» አለቀ። ውበቱን አታውሪ። ጠያቂው ፋይናንስ ሰው ከሆነ «የነጠላ ዋጋ» የምትለዋ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ኤክሴሉ የለም ትዪኝ ይሆናል። ዛሬ ማታ ሥሪው። ግራሙን ታውቂዋለሽ፣ ሰዓቱን ጽፈሽልኛል፣ የክሩን ዋጋ ታስታውሺያለሽ። የተጣለውን ጥንድም «ብልሽት» ብለሽ አስገቢው፤ የአራት ጥንድ ወጪ በሦስት ጥንድ ላይ ሲከፋፈል የጫማው ትርፍ ምን ያህል እንደሚወርድ እዪ። የምታውቂውን ካልደበቅሽ ከላይ የሰጠሁሽ 50 ብር ይቀንሳል። ያን ልዩነት በራስሽ ቋንቋ ማስረዳት ከቻልሽ ኮስት አካውንቲንግ (የምርት ወጪ ሒሳብ) የሚሉት ሥራ ምን እንደሆነ ገብቶሻል። በክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ከጻፍሽው በላይ።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ስህተት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ቢሉሽም የሻርፑን ታሪክ ንገሪያቸው። 90ኛው መስመር ላይ ቆጠራ ስቶብሽ 14 መስመር እንደፈታሽ፣ ከዚያ በኋላ በየ20 መስመሩ ቀጭን ክር ቀለበቶቹ ውስጥ ማሳለፍ እንደጀመርሽ ነግረሽኛል፤ ስህተት ቢመጣ እስከዚያች ክር ድረስ ብቻ እንዲፈታ። እኔ ስሰማው በየወሩ የባንክ ሒሳብን ከመዝገብ ጋር የሚያስታርቅ ሰው ነው የታየኝ። ግን ይህን ማመሳሰል አንቺ አትናገሪው። ታሪኩን ብቻ ንገሪያቸው፣ እነሱ ይድረሱበት። ሰው ራሱ ያገኘውን ነገር አይረሳም።

የካልሲውም እንዲሁ ነው። 100 ግራሙን ክር መጀመሪያ 50፣ 50 አድርገሽ መዝነሽ የምትከፍዪው ሁለተኛዋ ካልሲ ጣቷ ላይ ስትደርስ ክር እንዳያልቅብሽ ነው። ይህ በጀት ይባላል። እናትሽ ይህን ብትሰማ ክር መጎተት ማለቷን ትተወው ይሆናል፣ ላትተወውም ትችላለች። እናት ናት።

የት ታመልክቺ? እስካሁን ባንክ ብቻ ነው ያመለከትሽው። ባንክን ተዪ አልልሽም። ግን ባንክ በር ላይ ከአንቺ ጋር ተመሳሳይ ወረቀት የያዘ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አይተሻል። አንቺ ያለሽው ብርድ ልብሷ ስም ባተረፈላት ከተማ ውስጥ ነው። ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ኮስት አካውንታንት፣ የንብረት ሒሳብ ሠራተኛ፣ የጥሬ ዕቃ መዝጋቢ ይቀጥራሉ። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ። ማመልከቻሽንና ያችን አንድ ገጽ ኤክሴል ይዘሽ የሰው ኃይል ክፍላቸው ሂጂ። አብዛኛው የለም ይልሻል፣ አንዱ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። ለልምምድ ሁለትና ሦስት ወር ልግባ ብትዪም አያሳፍርም፤ ግን የትራንስፖርት እንኳ የማይከፍልሽ ከሆነ ከሦስት ወር በላይ አትቆዪ። በአካባቢሽ ሥራ ፈላጊዎችን በሚመዘግበው የመንግሥት ጽሕፈት ቤትም ካልተመዘገብሽ ተመዝገቢ።

አንድ ነገር ከመሄድሽ በፊት አጥኚ፦ የሹራብና የሸማ ጨርቅ ልዩነት። ሹራብ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ የሚሠራ ነው። የሸማኔው ግን ድርና ማግ ነው። የቲሸርት ጨርቅ ከሹራብ ወገን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሳብ ሲያደርጉት ለምን እንደሚለጠጥ አንቺ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ይኸው መለጠጥ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ብክነት ይሆናል፣ ብክነት ደግሞ አንቺ መዝገብ ላይ ይመጣል።

ፋሽን ዲዛይን ልማር ላልሽው፣ አሁን አይመስለኝም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ጥሩ ቦታ ነው። ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ዲዛይን ያነሳሽው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም ነገር ስለ ግራም፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ መፍታትና እንደገና ስለ መሥራት ነው። አዲስ ነገር መሳል የሚያቃጥልሽ ሰው አትመስዪኝም፤ ነገሩ በትክክል ካልወጣ የማይተኛልሽ ሰው ነሽ። ተሳስቼ ከሆነ ጻፊልኝ።

ኤክሴሉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ዓይቼ እመልስልሻለሁ። ፎቶም ስትልኪ የውስጡን ጎን ጨምሪበት፣ የክሩ ጫፍ እንዴት እንደተደበቀ ማየት እፈልጋለሁ። የአክስትሽን ጫማ ሶል ደግሞ ልስላሴው ውጭ ሆኖ አየሁት። ገልብጠሽ ስፊው፣ ሴራሚክ ላይ ያዳልጣቸዋል።