ማስታወሻዎን በስምዎ ይጻፉት

ውድ ጠያቂ፤

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል 3 ዓመት ሲሠሩ ከነባር ባለሙያዎች የተማሩትን በደብተር እንዳሰፈሩ፣ አሁን ኃላፊዎ ክፍሉ በጋራ በሚጠቀምበት ዊኪ (ሠራተኞቹ ሁሉ ሊጽፉበትና ሊያርሙት በሚችሉት ድረ ገጽ) ላይ እንዲያስገቡት እንደጠየቁዎት፣ አባትዎ ግን «ሙያ በልብ ነው፤ የምታውቀውን ከሰጠሃቸው ያሰናብቱሃል» እንዳሉዎት ጽፈዋል። ለግል ማስታወሻ የትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደሚሻል፣ ሁለተኛ ዲግሪ አሁን ይጀምሩ እንደሆነም ጠይቀዋል። ውልዎ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ወንድሞችዎን የሚያስተምሩትም እርስዎ በመሆንዎ ስጋቱ ይገባኛል።

ሆኖም የአባትዎን ምክር አልቀበለውም። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ሳይፎክሩ መሥራትን ለማመስገን እንጂ ዕውቀትን ለመቅበር አይደለም። እኔም ሥራ የጀመርኩት በጥገና ክፍል ነበር። የማሽኖቹን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ አንጋፋ መካኒክ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጽፉ ጡረታ ሲወጡ፣ እኛ በየብልሽቱ ከዜሮ እንጀምር ነበር። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ችሎታቸውን ከክፍላችን ውጪ ማንም ባለማወቁ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ የሥራ ደረጃ ላይ መቅረታቸው ነው። ውል ማደስ የማይፈልግ ቀጣሪ ደብተርዎን ቢደብቁትም አያድስም።

የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዩሬካ በተባለ ሥርዓት የጥገና ሠራተኞቹን መላ ሲያሰባስብ፣ እያንዳንዱ መላ በሌሎች ባለሙያዎች ከተፈተሸ በኋላ ከነጸሐፊው ስም ይቀመጥ ነበር። በሌላ ከተማ ያለ ሠራተኛ በዚያ መንገድ መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀውንም ሰው ያገኛል። የኩሽኔታ ድምፅ ሲለወጥ በጆሮ መለየትን የመሰለ ዕውቀት በጽሑፍ አያልቅምና፣ ጥሩ ገጽ አንባቢውን ወደ ባለሙያው ይመራዋል። ስለዚህ ምልክቱን ሠራተኞቹ በሚጠሩበት ቃል፣ ከዚያም መንስኤውን፣ የተሞከረውንና ያልሠራውንም ጭምር ይጻፉ። ዊኪ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ታሪኩን ስለሚይዝ፣ ውልዎ ሲታደስ ገጾቹን አውጥተው የደመወዝ ጥያቄዎን በእነርሱ ያስደግፉ።

ለግል ማስታወሻ ከጠቀሷቸው ፕሮግራሞች ኦብሲዲያንን እመርጣለሁ፤ ጽሑፉን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። የፋብሪካውን ንድፎች ግን ወደዚያ አይውሰዱ። ሁለተኛ ዲግሪው የወንድሞችዎ ትምህርት እስኪያልቅ ይቆይ።

መጀመሪያ የሚያስገቡት በዚህ ዓመት ማሽን ደጋግሞ ያስቆመውን ብልሽት ይሁን፤ ከስምዎ ቀጥሎም፣ አስፈቅደው፣ ያስተማሩዎትን ባለሙያ ስም ያስፍሩ።